ሁለት ድምፅ በኤምአርአይ ውስጥ

መጀመሪያ የከዳት ቀኝ እጇ ነው። ለደንበኛ ስኳር ስትመዝን ጭልፋው ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ቀኝ እግሯም አልታዘዝ አላት። ደንበኛዋ «ምን ሆንሽ?» ብትላት ከአፏ የወጣው ቃል አልነበረም። አፏ ወደ ግራ ተጣሟል።

ይህን እኔ አላየሁም። ለቡ ላይ ስለ ቤት ግንባታ ዘገባ እየሠራሁ ነበር፤ የስልኬን ድምፅ ዘግቼዋለሁ። ያየው መካኒሳ አቦ፣ ከባለቤቴ ከአያንቱ ሱቅ አጠገብ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ የሌሎችን ሰዎች ክፉ ቀን እየጠየቅሁ ጽፌያለሁ። የራሴን ቤት ክፉ ቀን ግን ጎሚስታውን ጠይቄ ማወቅ ነበረብኝ። ቅናቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

የሰፈር ሴቶች «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ሊያሿት ተሰበሰቡ። ጎሚስታው የፈታውን ጎማ መልሶ አሰረና ባለመኪናውን ለምኖ ሆስፒታል አደረሳት። እኔ ስደርስ ሐኪሙ መጨረሻ ደህና ሆና የታየችው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም። የመለሰለት ጎሚስታው ነው።

ሲቲ ስካን ተነሣች። አንጎሏ ውስጥ ደም አልፈሰሰም። ሐኪሙ የምስሉ ንጹሕ መምሰል እንዳያታልለን ነገረን፤ የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣ ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ላይ ላይታይ ይችላል። በማግስቱ ኤምአርአይ አሳየው። በአንጎሏ ግራ ክፍል፣ ንግግር በሚቀናበርበት አካባቢ፣ ነጭ ቦታ ነበር። ንግግር መጥፋቱን አፌዥያ አሉት።

አያንቱ አልተናገረችም። ስሜን አልጠራችም። እጇን ይዤ «ደህና ነኝ በይኝ» እያልኩ ለመንኳት።

በዚያው ሳምንት ጎሚስታው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ሁለቱም የወሊሶ አካባቢ ልጆች ናቸው። በእናቷ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነበር። እኔና እሷ ግን የተጫጨነው፣ የተጋባነው፣ የተጣላነውና ልጆቻችንን ያሳደግነው በአማርኛ ነው።

«አካም ጅርታ?» አላት፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

«ነጋ» አለችው።

ደህና ማለት ነው። ይህንኑ ስለምናት ከርሜያለሁ። ብርቱካኑን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ቃላቷ ጨመሩ። አንድ ቀን በጤነኛው የአፏ ጎን ሳቀች። ምን እንዳለችው ጠየቅሁት።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው።»

በሽንኩርት ዋጋ ሰው እንደዚያ አይስቅም። እሱ ሲወጣ፣ አልጋው አጠገብ ለቆመችው እህቴ «ለእኔ ዲዳ፣ ለጎሚስታው ምላሰኛ» አልኳት። አያንቱ ጣራውን ታያለች። አማርኛ ጠፍቶባታል ብዬ ነበር።

ከሆስፒታል ወጥታ በከዘራ መራመድ ስትጀምር፣ ስትሮክን በአንጎል ምስል የምታጠና አንዲት ዶክተር አነጋገረችን። ሁለት ቋንቋ ከሚናገሩ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ የልጅነት ቋንቋቸው ይቀድማቸዋል፣ አንዳንዶቹ ኋላ የለመዱት፤ ምክንያቱ ገና በደንብ አይታወቅም አለችን። አያንቱ ኤምአርአይ ውስጥ ተኝታ የምታውቃቸውን ሁለት ድምፆች ብትሰማ ዶክተሯ የትኛው የአንጎሏ ክፍል እንደሚሠራ ለማየት ፈለገች። በአማርኛ የእኔን ድምፅ፣ በኦሮምኛ የጎሚስታውን። አያንቱ ራሷን ነቅንቃ ተስማማች።

ስለ ሱቁ ተራ ወሬ እንድንቀዳ ተነገረን። እኔ ደጋግሜ ተለማምጄ እንደ ዜና አንባቢ አነበብኩት። የጎሚስታው ቅጂ የንፋስ መሙያው ጩኸት ስለገባበት እንደገና ቅዳ ተባለ። ደስ አለኝ።

ውጤቱን ለመስማት ስሄድ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ነበር። ዶክተሯ በኮምፒዩተሯ ላይ በቀለም የደመቁ ቦታዎችን አሳየችኝ። ሁለቱንም ድምፆች ስትሰማ የሚሠራው አካባቢ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

«የማን ይበልጣል?» አልኳት።

«እኔ የማየው የደም ፍሰት ነው። እርስዎ የጠየቁኝን ማሽኑ አይለካም» አለች። ቀጥላም «አማርኛው ይገባታል። የተቸገረችው ቃሉን ለማውጣት ነው» አለችኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚገባት ጠየቅሁ። መስማትና መረዳቱ ከንግግሩ ቀድሞ እንደተመለሰላት፣ ቀኑን ግን ከአንድ ምስል ተነሥታ ልትነግረኝ እንደማትችል ገለጸችልኝ። ወደ ቤት ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የማስበው አልጋው አጠገብ ያልኩትን ነበር።

ቤት ውስጥ የሆስፒታሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሰጠችንን ሥዕሎች እያሳየኋት ለወራት ተለማመድን፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ኋላ ቁልፍ፣ ከዚያም የልጆቻችንን ስም እየተንተባተበች መጥራት ቻለች፣ እኔንም በስሜ ጠራችኝ፣ ግን ሁለት ቃል ማገናኘት አቃታት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ከሩቅ አየሁትና «ጎሚስታው መጣ» አልኳት።

ዘወር ብላ አየችኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

«ሁንዴ ነው ስሙ። ምላሰኛዋ... እኔ ነኝ።»

ከታመመች ወዲህ በአማርኛ የነገረችኝ የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ከዚያም ሳቀች፤ ያ የቀናሁበት ሳቅ ነበር።

ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ የምመክረው ይህን ነው። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲከዳ፣ ንግግር ሲጠፋ ምች ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱ፤ ሕመምተኛው መጨረሻ ደህና የነበረበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰውም አብሮ ይሂድ። መናገር ያልቻለ ሰው አይሰማም አትበሉ። ቃል የሚያወጣላችሁ ሰው ከተገኘ፣ ማንም ይሁን፣ በሩን ክፈቱለት።

ሐኪሞቿን፣ ነርሶቿንና የንግግር ባለሙያዋን አመሰግናለሁ። ሁንዴን አመሰግናለሁ። አሁን ኦሮምኛ እያስተማረኝ ነው፤ አነጋገሬን ሲሰማ ጎማውን ጥሎ ይስቃል። ዛሬም ሁለቱ ሲሳሳቁ ነገሩ ሁልጊዜ አይገባኝም። እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዴ ይነግሩኛል።