ቀይዋ መኪና እና የሞጣው ሾፌር

የእህቴ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ ትንንሽ መኪናዎች ሲያሽቀዳድም ያ እንደ ትንኝ ጢዝ የሚል የሞተር ድምፅ ጆሮዬ ገባ። «አጎቴ፣ ና ሞክር» አለኝ። አልችልም አልኩትና እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዋሸሁት። ያን ጨዋታ በደንብ እችለዋለሁ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናታችን ቢቸና ታማ ከተኛች ሰንብታ ነበር፤ የዚያን ቀን ማለዳ ግን ድምፅዋ ደከመ፤ የምትጠራው የእህቴን ስም ብቻ ሆነ። እህቴ ሞጣ አግብታ ነበር የምትኖረው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ሰው ይላካል። የእናቴ ወንድም መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። «እንዳታስደነግጣት። ትንሽ አሟታል፣ ናፍቃሻለች በላት። በስምንት ሰዓቱ መኪና ይዘሃት ና» አለኝ። አደራውን ተቀብዬ ተሳፈርኩ።

ሞጣ ስደርስ ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም። ጊዜ ተርፎኛል አልኩ። ደግሞ ልንገርህ፣ የእህቴን ፊት ማየት ፈርቼ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ መጋረጃ የተጋረደበት ጌም ቤት ነበረ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ላብና የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። በቴሌቪዥኑ ላይ የሚሽቀዳደሙት መኪናዎች የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። የሚሮጡት በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በሳህንና በብርጭቆ መካከል ነው። ቆሞ ላየው የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ሲይዙት ግን ጉድ ነው፤ መኪናዋ ፊቷን ወዳንተ ስትመልስ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆንብሃል። ማር የፈሰሰበት ቦታ ላይ ትንሸራተትና ከጠረጴዛው ጫፍ ትወድቃለህ። ትንሽ ወደ ኋላ ከቀረህ ደግሞ ስክሪኑ ጥሎህ ይሄዳል።

ተጋጣሚዬ የአንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበር፣ እኩያዬ። ደጋግሞ አሸነፈኝ። «ቢቸና ውስጥ መሪ የሚይዝ ሰው የለም እንዴ?» አለና ሳቀ። ነገሯ አንገበገበችኝ። አንዴ ብቻ ላሸንፈውና እሄዳለሁ አልኩ። ስምንት ሰዓት መቼ እንዳለፈ አላውቅም።

የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ልጁ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ተነሳ። «ሰግጄ መጣሁ» አለ። ያኔ እንኳ ሮጬ ብሄድ የመጨረሻዋ ሚኒባስ አልወጣችም ነበር። ተቀምጬ ጠበቅኩት። ተመልሶ መጣ፣ ተጫወትን፣ ቀይዋ መኪናዬ ቀደመችው። እጄን አንስቼ ጮህኩ። እናቴ እያጣጣረች እኔ ደስ ብሎኝ ጮህኩ።

እህቴ ቤት ስደርስ ፀሐይ ቆልቁላለች። «ምነው እስካሁን?» አለችኝ መልእክቱን እንደነገርኳት። «መኪናው ጉንደወይን ላይ ተበላሽቶ፣ ሾፌሩ ሳይቸኩል ሲጠግን ዋለ» አልኳት። ነጠላዋን አንስታ ወደ መናኸሪያ ሮጠች፤ ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና ግን አልነበረም። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሄድን። ሰፈራችን ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። «እስከ ምሽት ድረስ በር በሩን ስታይ ነበር» አለቻት ጎረቤታችን።

እህቴ ሾፌሩን ረገመችው። «እንዳስቀረኝ እሱም መንገድ ይቅር» እያለች ስንት ዓመት! ያ ምስኪን ሰው በሰዓቱ፣ በሰላም ያደረሰኝ ነበር። በተራገመች ቁጥር አቀረቅራለሁ፤ እሷም ሐዘን መስሏት ታባብለኛለች። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ሌላ ሌላውን ተናዝዤ ይህቺን ዘልያታለሁ።

ዘንድሮ ለእናታችን ሙት ዓመት ዝክር ልናወጣ ቢቸና ተገናኘን። እንግዶቹ ሲሸኙ እህቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ያን ሾፌር ይቅር ብዬዋለሁ» አለችኝ። «ንስሐ አባቴ አዘዙኝና ሳስበው፣ እሱስ ምን አጠፋ? እናቴ እንደምትጠብቀኝ በምን ያውቃል?»

«አዎ» አልኳት፤ «እሱ አያውቅም።»