የቅዳም ሹር ቀዛፊዎች

ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹ ከበውኝ፣ «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን የጀልባ ውድድር ያጫውቱን» አሉኝ። ምኑን አጫውታለሁ፤ ያን ጊዜ ስስቅ ውዬ ነው የተመለስኩት።

የለንደን ሰው ሥራ ሲፈታ የማያመጣው የለም። ድሮ የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ለእንጀራቸው ይቀዝፉት የነበረውን የእንጨት ጀልባ የሰፈሩ ሰዎች አስመስለው ሠሩና ቴምዝ ላይ ስፖርት አደረጉት። ዓሣ አይዙበት፣ ሰው አያሻግሩበት፤ እንዲሁ ላባቸውን አፍስሰው ወደተነሡበት ይመለሳሉ። የእኔዋም ከሦስት ፈረንጆች ጋር ቀዛፊ ሆነች።

ውድድሩ ታዲያ የእኛ ቅዳም ሹር ላይ ዋለ። እሷ ደግሞ አክፋይ ናት፤ ከስቅለት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«በባዶ ሆድሽ ቀዝፈሽ ልትሞቺ ነው? ይቅርብሽ» አልኳት።

«እማማዬ፣ ጾሜንም አልፈታም፣ ጓደኞቼንም አልተውም» አለችኝ።

ሄጄ ወንዙ ዳር ቆምኩ። የሌላው ጀልባ ሰዎች ገብተው ሙዛቸውን ልጠው ሲበሉ፣ የእኛዎቹ ገና እየተንፏቀቁ ይመጣሉ። የአራቱም ፊት አመድ መስሏል።

«እንዴት ነበርን?» አለችኝ እየተንገዳገደች ስትወርድ።

«ዳክዬዎቹም ቀደሟችሁ። አንቺስ እሺ ጾመኛ ነሽ፤ እነዚህ ጠግበው የመጡት ምን ነካቸው?»

ሳቀችና ሦስቱን ጓደኞቿን አቀፈቻቸው። ከዓመታት በኋላ፣ በሠርጓ ዕለት፣ ከቀዛፊዎቹ አንዷ አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ፤ ብቻዋን አትራብም ብለው ሦስቱም ከዋዜማው ጀምሮ ምንም አልበሉም ነበር።