አምስት ኮከብ ከጋሼ ዓብደላ

ሳሚር አሜሪካ ውስጥ ቀን ቀን መጋዘን ዕቃ ሲጭን ይውላል፤ ሲመለስ ደግሞ የስልክ ጌም ይሠራል። ሁለት ዓመት በለፋበት ጌም ተጫዋቹ የጭነት መኪና ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ይወርዳል። ጌሙ በወጣ ሰሞን አንድ ሰውዬ «አገርህ ግባና ግመል ንዳ» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጠው። ሊንዳ የምትባል ሴት ደግሞ ሦስት ሰጥታ፣ «ደስ ይላል፤ ግን ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል፤ መኪናው ገደል ይገባል» አለች። ቪዲዮም አያይዛለች።

እንቅልፍ የነሳው የግመሉ ነበር። ለሚስቱ ለሪሀና ደጋግሞ አነበበላት።

«ሰውዬው የጠላው ስምህን ነው፤ ጌሙን መች አየው?» አለችው። «ምን ልታስተካክልለት ነው?»

ነገሩ ገባው። በራሱ ስልክ ላይ ፍሬኑ አንድም ቀን አስቸግሮ ስለማያውቅ ሊንዳን «የምን ስልክ ነው የያዝሽው?» ብሎ ጠየቃትና መልሷን መጠበቅ ያዘ። ስድቡን ግን አስቀድሞ ለጋሼ ዓብደላ አሳይቷቸው ነበር። ጋሼ ዓብደላ ሞርስ ሮድ ላይ ሥጋ ቤት አላቸው፤ ሳሚር አሜሪካ ሲገባ ቤታቸው ያስጠጉት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ሥጋ ሊገዛ ሲገባ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ጮኹ።

«ና ግባ፣ ኢንጂነሩ! አምስት ስታር ሳይሰጥ ሥጋ የሚወስድ የለም ብያለሁ። ያቺን ሦስት የሰጠችህንም ልክ አስገባናት።»

«ማንን?»

«ሊንዳን ነዋ! ተረባረብንባት፣ ሪፖርት አደረግናት። ዲሊት አድርጋ ሄደች።»

ሳሚር ስልኩን አወጣ። አስተያየቷም፣ ቪዲዮውም፣ የእሱም ጥያቄ የሉም። የግመሉ ግን መልስ ሲጎርፍለት ከሁሉም በላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ወረፋ የያዙት ሰዎች ፈገግ ብለው ያዩታል።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ። «ግን ጋሼ፣ ተጫውተውታል?»

«እኔ? በየትኛው ጊዜዬ!»

ወረፋው ውስጥ ያሉትም እርስ በርስ ተያዩ። ሳሚር ጌሙን መስታወቱ በተሰነጠቀው አሮጌ ስልካቸው ላይ ከፈተላቸው። ጋሼ ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ነዱ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ያዙ፤ መኪናው ግን ገደል ገባ። ሳሚር ሊንዳ የነገረችውን ጥፋት በዓይኑ አየ።

«ፍሬኑ ዘገየ፣ አይደል?»

«ወላሂ አልዘገየም! ጣቴ ወፍራም ሆኖ ነው። ጌምህ ምንም እንከን አይወጣለትም።»

«ስልኩን ለዛሬ ብቻ ያውሱኝ፤ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ ልየው።»

«ለግመሉ ሰውዬስ ማን ይመልስለት?»

«ማንም አይመልስለት፣ ጋሼ። እሱን ይተዉት።»

ጋሼ ዓብደላ እንደታመመ ልጅ በሐዘኔታ አዩት። «እኔ እያለሁማ ተሰድበህ አትቀርም» አሉና ስልኩን ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት። በሩ ተከፍቶ ጎረቤታቸው ገባች።

«ነይ ሐዊ፣ ስልክሽን አውጪ!»

ስልኩን ለመቀበል የተዘረጋው የሳሚር እጅ አሁንም ባንኮኒው ላይ ነበር።