የእትዬ ዋጋነሽ ዳማከሴ

ኮልፌ ውስጥ ምች የመታው ሰው የሚያንኳኳው የእትዬ ዋጋነሽን በር ነው። ከንፈሩ የቆሰለውም፣ ፊቱ ያበጠውም ይመጣል። እሳቸው ከደጃፋቸው ዳማከሴ ይቀነጥሱና በመዳፋቸው አሽተው፣ ጭማቂውን ያጠጡታል፣ ይቀቡታል። «ተቀብቶ ያልዳነ አላየሁም» ይላሉ። ያልዳነ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ ግን አስበውት አያውቁም።

በዚህ ዓመት የመንጋጋ ጥርሳቸውን አመማቸው። ቅርንፉድ እየነከሱ ሲችሉት ከርመው፣ አንድ ቀን ሕመሙ ድንገት ተዋቸው። «ተመስገን፣ ለቀቀኝ» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ጉንጫቸው አበጠ። ጥርሱ ስላላመማቸው እሱን አልጠረጠሩም፤ ከጦር ኃይሎች ሰፈር በቀትር ፀሐይ በእግራቸው መምጣታቸው ትዝ አላቸውና ምች ነው ብለው ዳማከሴያቸውን ተቀቡ። እብጠቱ ወደ አገጫቸው ሥር ወረደ።

ጎረቤታቸው ሃፊዛ ሾርባ ይዛላቸው ስትገባ አፋቸው ማንኪያ አላስገባ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ምች አይደለም። ይነሱ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሰፈሩን ሳክም ኖሬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ቢሞቱስ ምን ይላል?»

እትዬ ዋጋነሽ ተነሱ። ሰው እንዳያያቸው ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ታክሲ ተሳፈሩ።

ሐኪሟ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። «ሕመሙ የተወዎት የጥርሱ ውስጥ ስለሞተ ነው» አለቻቸው። «መግሉ ግን ከሥሩ እየተሰራጨ ነበር። ትንሽ ቢቆዩ ትንፋሽዎን ይዘጋው ነበር።»

«ፊት እንዳበጠ ጥርስ ይነቀላል እንዴ?»

«ያሳበጠዎት እሱ ነው፤ ካልወጣ እብጠቱ አይጎድልም።»

ሐኪሞቹ ከአገጫቸው ሥር ቀድደው መግሉን አፈሰሱ፣ ጥርሱን ነቀሉ፣ መድኃኒት በደም ሥራቸው ሰጧቸው። እትዬ ዋጋነሽ ተኝተው ያሰቡት ግን አናጢውን ፈቀደን ነበር። ባለፈው ክረምት አንገቱ ሥር አብጦ መጥቶ ቀብተው ሸኙት። ሲሞት «ምች ገደለው» ተባለ፤ እሳቸውም ለቅሶው ላይ እንደዚያው ብለው አለቀሱ። አሁን ልባቸው ፈራ።

ድነው በተመለሱ ሰሞን የፈቀደ ሚስት ዘመነች ጉንጯን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ምች መታኝ መሰለኝ። ይቀቡኝ።»

እጃቸው በልማድ ወደ ዳማከሴው ሄዶ ነበር፤ መለሱት።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

ጥርሶቿን አንድ በአንድ ሲነኩ፣ አንዱ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ሸሸች። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ነይ፣ እኔው እወስድሻለሁ» አሉና እዚያው ቆሙ። «ዘመነች፣ ፈቀደ ጥርሱን ያመው ነበር?»

ዘመነች ጉንጯን እንደያዘች አሰበች።

«ያመው ነበር፣ እትዬ። ኋላ ግን ተወው።»