የበርሜሉ ቀዳዳ የማን ነው?

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የገብስ አጨዳ እንዳለቀ ነው። "የኛ ነው" ብዬ የጮህሁበት ነገር እስካሁን የማን እንደሆነ ስላልገባኝ፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጭንቅላቴ ይዞርብኛል።

ዳባት ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ሰኢድ ብየዳ ቤት አለው፤ እኔ የተፈተገ ገብስ እሸጣለሁ። ገብስ በሙቀጫ መፈተግ ትከሻዬን ሲጨርሰው አይቶ ከአሮጌ የውኃ በርሜላችን መፈተጊያ ማሽን ሠራልኝ። በርሜሉን አጋደመው፣ ውስጡ የሚዞር ብረት አስገባ፣ ሞተር ገጠመለት። አላህ ይስጠው፣ ትከሻዬ አረፈ። ችግሩ በርሜሉ አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ ሲጋደም ወደ ላይ ሆነ። እብቁ በዚያ እየወጣ ዓይኔ ውስጥ ሲገባብኝ በጨርቅ ወተፍሁት። ሰኢድም እየሠራሁ እሸጣለሁ ብሎ ብረት መሰብሰብ ጀመረ።

አንድ የገበያ ቀን አምባ ጊዮርጊስ ስንሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? የኛው ማሽን ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ቀዳዳው እንኳ አልቀረም። ሻጩ ጋሽ አዳነ የሚባሉ ሽማግሌ ብረት ሠሪ ናቸው። እኔ ደሜ ፈላ።

"ይኼ የኛ ነው፤ ከየት አመጡት?" አልኋቸው።

"ከዳባት ነዋ፣ የኔ ልጅ። በበራችሁ ሳልፍ አየሁት፣ ወደድሁት፣ ሠራሁት" አሉ ረጋ ብለው።

"ቀዳዳው ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?"

"እብቁ በምን ይውጣ ታዲያ? ያ ጨርቅ ማሽኑ ሲያርፍ አይጥ እንዳይገባበት መስሎኝ ነበር እኮ!"

ሞተሩን አስነሱት። እብቁ ሽቅብ ቦነነ፤ ከታች የወረደው ገብስ ማበጠር እንኳ አላስፈለገውም። እኔ እቤት ሰፌድ ይዤ ሳበጥር ነበር የምውለው። ክው አልሁ።

ሰኢድ ግን ፊቱ ጠቆረ። ሰውየው ማሽኑን በስማቸው ቀድመው ካስመዘገቡት፣ እሱ የገዛ ሥራውን እንዳይሠራ ሊከለከል ነው። "በሕግ ይታይ" አለ። "ይታይ" አሉ ጋሽ አዳነ። በማግስቱ ሦስታችንም ደባርቅ፣ ስለ ፈጠራ ሥራ የምታማክር ባለሙያ አለች ወደተባለበት ጽሕፈት ቤት ሄድን።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። ገና እንደተቀመጥን "ፈጣሪው ማነው?" አለች።

ተያየን። ሰኢድ አቀርቅሮ "አላህ ነዋ" አለ። ጋሽ አዳነም "እግዚአብሔር" ብለው አማተቡ።

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችን። አዲስ ነገር ያሰበ ሰው አሠራሩን ሳይደብቅ ካስመዘገበ፣ ሌላው እንዳይቀዳበት መንግሥት ለተወሰነ ዘመን ይጠብቅለታል አለች። ሰው እንዲፈጥር የሚበረታታው እንዲህ ነው።

"የበርሜል መፈተጊያ ግን ሌላም ቦታ አለ" አለች። "አዲስ ሊባል ቢችል ቀዳዳው ነው። እሱን ማን በሳው?"

"እኔስ በርሜሉን ያገኘሁት ተበስቶ ነው" አለ ሰኢድ።

"እኔም እንዳየሁት ነው የበሳሁ" አሉ ጋሽ አዳነ።

ከዚያ ሰኢድ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞሩ።

በርሜሉ የውኃ ሳለ ቧንቧ ልገጥምበት ብዬ ያስበሳሁት እኔ ነኛ! ውኃ ልቀዳበት ያስበሳሁትን ነው ሰው ቀዳብን ብዬ ገበያ መሀል የጮህሁት። አፈርሁ።

"እና ፈጣሪዋ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"አስተግፊሩላህ" አልሁ። "እኔ የወተፍሁት ነኝ።"

"ተመካከሩና የፈጣሪውን ስም ይዛችሁ ኑ" ብላ ሸኘችን። ሰኢድ "ያንችን እንስጥ" ይላል። ጋሽ አዳነም ደውለው "ያንች የልጄ ስም ይግባ፣ እኔ አልቀየምም" አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ማሽኑን ሰኢድ ሠራው፤ የቀዳዳውን ጥቅም ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የፈለግሁት ውኃ ነበር።

ጨርቁን ነቅዬ ጥዬዋለሁ። እብቁ ሲቦንን ሰኢድ "ፈጣሪዋ፣ ዞር በይ" እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም። ሌላ ሰው ሳይቀድመን አንድ ስም ማስገባት አለብን፤ ደባርቅ ልሄድ በተነሳሁ ቁጥር ግን የማንን እንደምናገር ጠፍቶኝ ከበር እመለሳለሁ።