ኩሬው ዳር ያየሁት የወንድሜ እጅ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት እኔና ታላቅ ወንድሜ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኮልፌ፣ ከድንጋይ ካባው በታች ያለው ኩሬ እንወርድ ነበር። አንድ ፈረንጅ ትራውት የሚባል ዓሣ ለቆበት ሄዷል። ይህ ዓሣ ተጠራጣሪ ነው፤ ጥላ ካየ ድራሹ ይጠፋል። የምናታልለው መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ አስረን፣ ዝንብ አስመስለን ነው። በዚህ ሥራ ወንድሜን የሚያህል አልነበረም።

አንድ እሁድ ክሩን ወረወረና ዝንቧ ውኃው ላይ ሳትወድቅ ቀረች። ዓይኑን ከኩሬው ሳይነቅል «የት ሄደች?» አለኝ።

መንጠቆው ግራ አውራ ጣቱ ውስጥ እስከ ላባው ገብቷል። ደሙ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ጣትህ ላይ ናት። አያምህም?»

«ቀስ በል፣ ዓሣውን ታባርራለህ!» አለና ዝቅ ብሎ አየው። የሌላ ሰው እሾህ እንደሚነቅል ነቀለው።

እጁ መደንዘዝ ከጀመረ ከርሟል፤ ለሚስቱ ግን «ብርድ ነው» ይላት ነበር። ሥጋ ደዌ መሆኑ ያኔ ለሁለታችንም ገባን። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ የያዘው ሰው ከቤቱም ከማኅበሩም ይወጣል።

«ነገ ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«እዚያ ስገባ ያየኝ ሰው ለሚስቴ ቀድሞ ይነግራታል።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«አንተማ አፍህ መቼ ያርፋል!» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የያዝነውን ዓሣ እኔ ተሸክሜ ወደ ቤቱ ተመለስን። በር ላይ ሚስቱ እንደ ልማዷ እጁን ልትይዝ ስትመጣ፣ ሁለቱንም እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተና «መጀመሪያ ተቀመጪ» አላት።