በእሱ ስም የሠራሁባቸው ወራት

ከቤታችን በር ጀርባ አንድ ሚስማር አለ። በሚስማሩ ላይ የባለቤቴ ሦስት መታወቂያዎች ተንጠልጥለዋል። የመጀመሪያው «የሽያጭ ወኪል» ይላል፤ ሁለተኛው «ከፍተኛ የሽያጭ ወኪል»፤ ሦስተኛው «የአካባቢ ሽያጭ አስተባባሪ»። በሦስቱም ላይ ያለው ፎቶ አንድ ነው። ክፍያውም አንድ ነበር። የማዕረጉ ስም ባደገ ቁጥር አዲስ መታወቂያ ይዞ ይመጣል፣ አሮጌውን አይጥልም፤ «ቋሚ ስሆን አራተኛውን እሰቅልና አራቱንም አወርዳቸዋለሁ» ይለኝ ነበር።

ድሮ መርሳ ገበያ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ነበር። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ የሚሸጥ ድርጅት ወልድያ ቢሮ ሲከፍት ሱቁን ዘግቶ ገባ። ስድስት ወር በኮሚሽን ትሠራለህ፣ ከዚያ ደመወዝተኛ ትሆናለህ ተባለ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ክረምቱ ይለፍ ተባለ፣ ክረምቱ ሲያልፍ አዲሱ በጀት ይምጣ ተባለ። እሱ አመነ። እኔም አመንኩ፤ ማመኑ ለሁለታችንም ቀላል ነበር።

ኮሚሽኑ የሚታሰበው ፓምፑ ተተክሎ ገበሬው ሲፈርም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለትም ፓምፑ ሲቆም መሄድ፣ ማየት፣ ማስረዳት፣ አይከፈልበትም። እሱ ግን ይሄድ ነበር። ከፓምፑ ጋር አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለች፤ ችግር ሲገጥማት ቀይ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ሁለት ጊዜ ከሆነ ጉድጓዱ ውሃ አጥሮታል፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ሽቦ ላልቷል፣ አምስት ጊዜ ከሆነ የፓምፑን አፍ ጭቃ ይዞታል። ራት ላይ ተቀምጦ የዕለቱን ሲያወራኝ እነዚህን ሁሉ ተማርኩ። እኔ ወልድያ ከሚገኝ ኮሌጅ በኮምፒውተር ዲፕሎማ አለኝ። ከተመረቅሁ በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ሁለት ዓመት ቆየሁና አገባሁ። ልጅ አልነበረንም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ውርጌሳ ያለ ደንበኛ አይቶ በሞተር ብስክሌት ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው። በዚያው ቀን ቀበርነው። ከወልድያ አለቃው መጣ፤ ወጣት ነው፣ በአንገቱ ባጅ አንጠልጥሏል። የሠፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ቅሬው፣ በተከለው ድንኳን ሥር ከወንዶቹ ጋር ትንሽ ተቀምጦ፣ የናሙናውን ቦርሳና የሞተሩን ቁልፍ ተቀብሎ ሄደ። የሥራ ስልኩን ረሳው። ኮሚሽን የሚበላ ሰው ጡረታ የለውም፤ ይህንን ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ዒዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ ትቆያለች። አባባ የምላቸው የባለቤቴ አባት ከገጠር መጥተው አብረውኝ ሊቀመጡ ወሰኑ። ዒዳዬ ሲያልቅ እሳቸው ወደ ማሳቸው፣ እኔ ወደ ወንድሜ ቤት እንደምንሄድ ማንም ሳይናገረው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤቱ ኪራይ ነው። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን በሁለት ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነው ነው የሚኖሩት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ተዘግቶ የከረመውን የሥራ ስልክ እንደከፈትኩት ጮኸ። ሳላስብ አነሳሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞትክ እንዴ? ሦስት ቀን ሙሉ ስደውልልህ!»

ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤቴ በሳቅ የሚያወራልኝ ሰው፣ ፓምፑን ከገዙ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚደውሉ።

«ሚስቱ ነኝ» አልኳቸው።

«እና ስልኩን ለሱ ስጭው! ሽንኩርቴ ደረቀ። ይች እቃችሁ ዓይኗን እያርገበገበች ታየኛለች እንጅ ውሃ አትሰጥ።»

ሞቷል ማለት ነበረብኝ። «ስንት ጊዜ ነው የምታርገበግበው?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ! ቆይ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ታርፋለች። ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

«ከጀርባዋ ያለውን ጥቁር ሽቦ ይንቀሉትና መልሰው አጥብቀው ይሰኩት።»

ሲያጉተመትሙ፣ ሲሰድቡት፣ ቢስሚላህ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ከሩቅ የውሃ ድምፅ መጣ።

«አወ! ወላሂ መጣች! በይ ለሱ ንገሪው፣ ሚስትህ ካንተ ትሻላለች በይው።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ውሃው አሁንም ይወርዳል። ከሁለት ቀን በኋላ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት በአህያ ጭነው መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው «ምላሴን ይቁረጠው፣ ምላሴን ይቁረጠው» እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ።

ሌላው የሆነው ነገር እዚያው በዘጠነኛው ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ደወል አሰማ፤ ወኪሎች የቀኑን ሪፖርት የሚልኩበት ሰዓት ነው። ከፈትኩት። ቦታውን ጻፍኩ፣ ሦስት ብልጭታ፣ ሽቦ ጠበቀ ብዬ ጻፍኩ። «ሥራውን ያከናወነው» በሚለው ቦታ ላይ ስሙ ቀድሞ ሞልቶ ነበር። ሊቀየር ይችል እንደነበር አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ልቀይረውም አልሞከርኩም። በቀሩት ወረቀቶች ሁሉ ላይ ስሙ «ሟች» ከሚል ቃል ጋር መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ እዚህ ላይ ብቻ እንደ ማንም ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጧል። ላክሁት።

በማግስቱ አለቃው ደወለ።

«ትናንት ከመርሳ ሪፖርት ደርሶናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ነኝ የላክሁት። ይቅርታ፣ ስልኩንም...»

«አይ፣ አይ። ስልኩ ይቆይ። ለደንበኞቹ ማን እንደሚመልስላቸው ጨንቆኝ ነበር። እህቴ፣ ስሚኝማ። የካቲት ላይ ለደንበኞች አገልግሎት አንድ ቋሚ ሰው እንቀጥራለን፣ በደመወዝ። ቦታው ያንቺ ነው በይው። እስከዚያ ቀጥይ።»

«በእሱ ስም?»

«አዲስ ለማስከፈት ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጠየቅ አለብኝ፤ ረጅም ነው። በዚሁ ይሁን።»

ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ። ወልድያ አንድ ወንበር። ይህን ቤት ሳልለቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ጎረቤት ግን ማውራት ጀመረ፤ በዒዳዋ ቀኑን ሙሉ ከወንድ ጋር በስልክ ታወራለች ተባለ። አባባ ሰሙ። በርጩማቸውን በር ላይ አውጥተው ተቀመጡ፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ያዙ፣ «ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ሁሉም ይስማ» አሉኝ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ መሥራት ጀመርኩ። ወሩ ሳያልቅ አባባ ብልጭታዎቹን በቃላቸው ያዙ። አንዱ ገበሬ ቶሎ ካልገባው ከበሩ ላይ «ጭቃውን አውጣው ትልሃለች፣ አትሰማም እንዴ!» ብለው ይጮኻሉ። አንድ ቀን አንድ ወጣት «እህቴ፣ አዲስ የተቀጠሩት ሽማግሌ ቁጡ ናቸው» አለኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አባባ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ሄደ።

የቅጥር ማስታወቂያው በተባለው ጊዜ ወጣ። ቃለ መጠይቁ ግን በአካል፣ ወልድያ ነው፤ ዒዳዬ ሊያልቅ ሃያ ምናምን ቀን ሲቀረው። ለአለቃው ደወልኩ። «ቀኑን እኔ አልወሰንኩትም፤ ለወጉ ነው፣ ብቻ ነይ» አለኝ። አባባን ጠየቅኋቸው።

«ለእንጀራዋ ከሆነ ቀን ወጥታ ለሌሊቱ ከቤቷ ትመለስ ብለዋል ዑለማዎቹ» አሉ። ቀጥለውም «ሰው የሚለውን ለኔ ተይው። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ አብሽሪ» አሉኝ።

ከመርሳ በሚኒባስ ሄድን። ሲሪንቃ ላይ በምርምር ማዕከሉ ማሳ ውስጥ ትናንሽ ታፔላዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ሰብል ስሙ ተጽፎለታል። ወልድያ ገብተን ባጃጅ ያዝን። አባባ ከሕንፃው በር ላይ ቀሩ።

ሦስት ተወዳዳሪዎች ነበርን። እኔ ዒዳ ላይ ስለሆንኩ ሽቶም ጌጥም የለኝም፤ ሁለቱ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ከደሴ የመጣች አንዲት ልጅ ተጠግታ «ደመወዝ በስምምነት ይላል። ስንት ልትያቸው ነው?» አለችኝ።

«አላሰብኩም።»

«ኧረ አስቢ! ስንት ይበቃኛል አትበያቸው፣ ስንት እፈልጋለሁ በያቸው። እኔ ሁለት ቦታ በዚህ ተሸውጃለሁ።»

ስንት እንደምፈልግ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ተራዬ እስኪደርስ ያንን ሳስብ ቆየሁ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች ሴት፣ አንድ ጸሐፊ፣ እና አለቃው። ሴትዮዋ ጨዋ ነበረች። የተቆጣ ደንበኛ ቢደውል ምን አደርጋለሁ አለችኝ። ሽማግሌውንና ሦስቱን ብልጭታ ነገርኳት። ደስ አላት፣ ጻፈች። የሥራ ልምዴን ጠየቀች። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ የወረዳችንን፣ የሀብሩን፣ ደንበኞች ሁሉ በስልክ የማስተናግደው እኔ ነኝ አልኳት።

ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረች። «ሀብሩ... እዚህ ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ወኪል ስም ነው።»

«ባለቤቴ ነው።»

«አሁን የት አሉ?»

«ጥቅምት ላይ አርፏል።»

ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። «ትናንትም ሠርተዋል ይላል» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ። በእሱ ስም እየገባሁ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ወደ አለቃው ዞረች። «የምታውቀው ነገር አለ?»

የያዘውን ወረቀት ገለጠ፣ መልሶ ገለጠው። «ስልኩ ለቤተሰቡ እንዲቆይ ፈቅጄ ነበር። ሪፖርቱን ግን... አላስተዋልኩም።»

ባጁ ላይ ዓይኔ አረፈ። «ተጠባባቂ ሱፐርቫይዘር» ይላል። እሱም ቤቱ ሚስማር ይኖረው ይሆናል። ቀጥይ ያልከኝ አንተ ነህ ማለት እችል ነበር። ለምን ዝም እንዳልኩ ራሴን እየጠየቅሁ ነው ይህን የምጽፈው። ምናልባት ያን ጊዜ ለእሱ አዝኜ ይሆናል። ምናልባት ደክሞኝ ነው።

«በሌላ ሰው ስም መግባት በደንባችን ከባድ ጥፋት ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሐዘን ላይ ስለሆኑ ወደዚያ አንሄድም። እንደ ልምድ ግን ልይዘው አልችልም፤ በእርስዎ ስም ምንም የለም።» ከዚያ እንደተቸገረ ሰው ከጠረጴዛው ሥር አንድ መስታወት ውስጥ የገባ ወረቀት አወጣች። የሩብ ዓመቱ ምርጥ የደንበኞች አያያዝ የምስጋና ወረቀት ነው። ከሲስተሙ ወጥቶ፣ ታትሞ፣ ሰው ሳያየው ከአዲስ አበባ መጥቷል። የባለቤቴ ስም በወርቅማ ቀለም ተጽፏል። «ለቤተሰቡ መታሰቢያ ይሁን» አለች። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ስንት እንደምፈልግ አልጠየቀችኝም።

አባባ ማንበብ አይችሉም። መስታወቱን ሲያዩ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ቀጠሩሽ?»

«አይ አባባ። እሱን ነው የሸለሙት።»

ወረቀቱን አዩት፣ በጣታቸው መስታወቱን ነኩት። «አሁን ምን ሠርቶ?» አሉ።

እስከ መርሳ ድረስ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። ሳይጨልም፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ቤት ገባን።

የደሴዋን ልጅ ቀጠሯት። በሳምንቱ አንድ ሰው መጥቶ የሥራ ስልኩን ከነሲሙ ወሰደ፤ ቁጥሩን ደንበኛው ሁሉ ስለሚያውቀው ድርጅቱ ይፈልገዋል አለኝ። ሰጠሁት። አለቃው አንድ ጊዜ መልእክት ላከልኝ፤ «ይቅርታ እህቴ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። አልመለስኩለትም።

ዒዳዬ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ዕቃ ሳስር የራሴ ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የባለቤቴ ስም ወጣ። ቁጥሩ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ የሚደውለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ አነሳሁት።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ቁጥርሽን ከስልኩ ውስጥ አግኝቼ ነው» አለች ልጅቷ። «አንድ አባት ይጮኹብኛል፤ ያቺ ልጅ ታገናኘኝ ነው የሚሉት። ሳጥኗ አምስት ጊዜ ብልጭ ትላለች። መጽሐፉ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፣ ያለው አልገባኝም።»

«ጭቃ ነው። ፓምፑን ያውጡት፣ አፉን ይጠቡት።»

ለሽማግሌው ስትነግራቸው በሌላኛው ስልክ ሲቆጧት ይሰማኛል። ከዚያ ተመልሳ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሪፖርቱ ላይ አንቺን ልጥቀስ እንዴ? ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በራስሽ ስም ጻፊ» አልኳት። «በሌላ በማንም ስም አትጻፊ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ ትደውላለች። አሁን የምኖረው ወንድሜ ቤት ነው፤ የሚያወሩበት ጥግ ስለሌለ ወደ ውጭ ወጥቼ አነሳለሁ። መታወቂያዎቹን ከሚስማሩ አውርጄ ከምስጋና ወረቀቱ ጋር በአንድ ፌስታል አስሬያቸዋለሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ስም ግን አልቀየርኩም። በጮኸ ቁጥር እሱ ነው የሚደውለው፣ ባነሳሁ ቁጥር እሷ ናት።